ጥር 19፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት

አቡዳቢ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላበዛውም። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ልጅ ነገ ሌሊት ትበራለች፣ ለገና ደሴ ትገባለች። ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ስለ እሱ የጻፍኩትንም ሳይዘል ያንብብ።

ብሩ ደርሶሽ ይሆናል። 40 ሺህ ነው። መጀመሪያ የአንቺ መድኃኒት ይገዛበት፣ የተረፈው ለድግሱ ይሁን። ገልብጠሽ እንዳታደርጊው፣ አውቅሻለሁ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔቱ ከክረምት ጀምሮ እንደተዘጋባችሁ አውቃለሁ። ግን ስልክ አንዳንድ ቀን ይገባ ነበር። አልደወልኩም። ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማልችል ስላወቅሁ ነው።

ለሚሚ ሰርግ አልመጣም። ይኸው ጻፍኩት።

ማሙሽ፣ «ሰርጉን ትቶ ደሴት ሊዝናና ነው አሉ» ብለህ ለጓደኛዬ የላክኸውን መልእክት አሳይቶኛል። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ ብታውቅ። ደሴት መሄዴ እውነት ነው። መዝናናቱ ግን ውሸት ነው። የምሠራበት ድርጅት እንግዶችን ወደ በረሃና ወደ ባሕር ዳር ይዞ ይሄዳል። ድንኳን የምተክለው፣ ዕቃ የምጭነው፣ ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ጉዞ በእጄ ሰጡኝ። ከአውሮፓ የሚመጡ ስድስት እንግዶች፣ ሦስት ሳምንት፣ ደሴቱን ዙሪያውን በመኪናና በእግር። መንገዱን፣ ምግቡን፣ ውኃውን፣ የየማታውን ማደሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥር 7 ማክሰኞ ሄደን ጥር 28 ማክሰኞ እንመለሳለን።

ቀኑን ግን እኔ አልመረጥኩትም። እዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ነፋስ ጀልባ አያስወጣም፣ ድንኳንም አያስቆምም። ሰው የሚሄደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። የእንግዶቹም ፈቃድ በጥር ነው። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይተካል። የመኖሪያ ፈቃዴም በዚሁ ሥራ ነው የሚታደሰው። እማዬ፣ በዚህ አትጨነቂ። ሁሉም ደህና ነው።

የደሴቱ ስም ሶቆጥራ ነው። የየመን ነው። ይህን ስትሰሚ እጅሽን ደረትሽ ላይ እንደምታደርጊ ይታየኛል። ጦርነቱ ያለው ዋናው የብስ ላይ ነው፣ ደሴቱ ከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ይለየዋል። በዜና የምትሰሚው የመርከብ ጥቃትም ቀይ ባሕር ላይ ነው። እኛ ከዚህ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ በርረን እንደርሳለን። ጅብ የለም፣ ነብር የለም። ደግሞ ልናዘዝልሽ፦ ባለፈው ዓመት አንድ ሳምንት ሄጄ ነበር። ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው የሄድኩት። ያኔ «ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት» ያልኩሽ እሱን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሄጄ በሰላም መመለሴን እያሰብሽ ዘንድሮ ተኚ።

አንቺ ለእኔ ትፈሪያለሽ፣ እኔ ደግሞ ለእናንተ። በ2014 ደሴ ስትያዝ እዚህ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ስልክ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። አሁንም መንገድ ተዘጋ ሲሉ እንደዚያው ነው የምሆነው።

አገሩን ብታዪው ትወጂው ነበር። ከዳር እስከ ዳር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ ሐጅሂር የሚባል ተራራ አለ፣ 1,500 ሜትር ይሆናል። ጫፉ ሹል ሹል ነው። ጠዋት ጉም ሲለብስ ጦሳን መሰለኝ። ጦሳ እኮ ሁለት እጥፍ ይበልጠዋል፣ ግን ልቤ ጦሳ ነው አለኝ። ከጓደኞቼ ተለይቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እስኪገለጥ ድረስ አየሁት።

አንድ ዛፍ አላቸው። ሌላ የትም አይበቅልም። ግንዱን ሲቧጭሩት ደም የመሰለ ቀይ ሙጫ ያወጣል። ዐረቦቹ «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» ይሉታል። በጥምቀት ከታቦቱ ጥላ ሥር ሆነሽ ቀና ስትዪ ዘንጎቹ እንዴት እንደሚታዩ ታውቂያለሽ አይደል? ዛፉ ልክ እንደዚያ ነው። ቅርንጫፉ ከመሐል ተነሥቶ እየተከፈለ፣ እየተከፈለ ይሄድና ከላይ ቅጠሉ ክብ ሆኖ ይገጥማል። ፊርሚሂን የሚባል ቦታ ላይ ጫካ ሆኖ ቆሟል። ታዲያ ሁሉም ሽማግሌ ናቸው። ችግኝ ፈልጌ አንድም አላየሁም። ፍየሎቹ ገና ብቅ ሲል ይበሉታል አለኝ ሾፌሩ። የፈረንጆቹ 2015 ኅዳር ላይ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አውሎ ነፋስ መጥቶ ብዙውን ነቅሎ ጣለው። የወደቁት አሁንም እዚያው ተጋድመዋል። ትልልቆቹ ብቻ ቆመው፣ ከሥራቸው ልጅ የለም። የኛ ግቢ ትዝ አለኝ። አንቺ በረንዳው ላይ፣ እኛ የትና የት።

የሙጫውን አንድ ፍሬ በክብሪት ቀፎ አድርጌ ልኬልሻለሁ። እዚያ ቁስል ላይ ያደርጉታል። አንቺ አትቅመሽው፣ ለማየት ያህል ነው። በፌስታል ያለው ግን እጣን ነው። የሶቆጥራ እጣን ነው፣ ከሐዲቦ ገበያ ባለፈው ዓመት ገዝቼ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት። የሚሚ ሰርግ ቡና ሲፈላ አጭሺበት። ሽታው ከኛው ትንሽ ይለሰልሳል።

ማሙሽ፣ አንተ ደግሞ መዝናናት መሆኑንና አለመሆኑን ፍረድ። እንግዶቹ፣ እኔ፣ አንድ አስጎብኚና ሦስት ሾፌሮች፣ ባጠቃላይ 11 ሰው ነን። ለመጠጥ ብቻ በሰው 4 ሊትር ብትል በቀን 44 ሊትር ውኃ ነው። ወደ ምዕራብ ለምንወጣበት አራት ቀን 176 ሊትር መጫን አለብኝ፣ ለድስቱና ለእጅ መታጠቢያው ሌላ። የውጭ አገር የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም፣ የሦስት ሳምንቱን ዶላር ሁሉ በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው፤ ያውም ያልታጠፈ፣ ያልተጻፈበት። ጋዝ በአውሮፕላን አይጫንም፣ እዚያው ይገዛል። ቲማቲም በሦስተኛው ቀን ይበላሻል፣ ስለዚህ ሽንኩርት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ነው የማበዛው። ለእያንዳንዱ ላንድክሩዘር ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ተራራው መንገድ ድንጋዩ ምላጭ ነውና። ለተራራው የአራት ቀን የእግር ጉዞ ደግሞ ግመል ተከራይቻለሁ። እማዬ የላከችው ሽሮና በርበሬም አብሮኝ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ዓሣው ሲጠፋ ሽሮ ሠራሁላቸው፣ ድስቱን ጠረጉት።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ሥራዬ መሆኑን እንድታውቅ ነው። የዚህ ጉዞ አበል የሦስት ወር ደሞዜን ያህላል። አባባ ሲያርፍም አልመጣሁም። እሱን አንተ አላነሳህብኝም፣ እኔ ግን በየቀኑ አነሳዋለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ እማዬ። መጀመሪያ ባወጣሁት መስመር ጥር 19 እሑድ የምንውለው ተራራው ላይ ነበር። እዚያ ስልክ የለም። ወረቀቱን ጨርሼ ለአለቃዬ ልሰጥ ስል ቀኑን አየሁት። አንድ ሌሊት ተቀመጥኩና ጉዞውን በሙሉ ከሥሩ ቀየርኩት። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቀላንሲያ እንሄዳለን። ጥምቀትን ዴትዋ የሚባል ሐይቅ ዳር ነው የማሳልፈው። ባሕሩ ከነጭ አሸዋ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ውኃ ነው፣ ስትገቢበት ጉልበትሽ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ዲክሳምና ወደ ፊርሚሂን፣ ቀጥሎ ደቡብ ወርደን ወደ ኖገድ ሜዳ። ጥር 18 ማታ ሐዲቦ እንገባለን። ከተማ ነው፣ ስልክ ይሠራል። ተራራውን ወደ ኋላ ገፋሁት። ለእንግዶቹ የእህቴ ሰርግ መሆኑን ሳልደብቅ ጻፍኩላቸው። ሁሉም እሺ አሉ። ሾፌሩ ደግሞ «የኔ ቤት ጣሪያ ላይ መስመሩ ጥሩ ነው፣ እዚያ ትወጣለህ» አለኝ።

የሶቆጥራ ሰዓት ከናንተ ጋር አንድ ነው፣ ይህን ታውቂያለሽ? ከዚህ ስደውል ሁልጊዜ አንድ ሰዓት እቀድማችሁ ነበር። ያን ቀን ግን በእናንተ 5 ሰዓት ሲሆን በእኔም 5 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ብቻ እኔ ጋ ቀድማ ትጠልቃለች።

ከሰርጉ በኋላ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሆቅ የሚባል ዋሻ አለ፣ አንቺ ይህን ብትሰሚ ደስ ይልሻል። ከባሕሩ ዳር ሽቅብ ወጥተሽ ነው የምትገቢው። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ጨለማ ነው። የጥንት መርከበኞች ውስጡ ገብተው ስማቸውን ጽፈዋል። አብዛኛው የሕንዶች ነው። ከመሐሉ ግን የአክሱም ሰዎች በኛው ፊደል የጻፉት አለ። አንድ የእንጨት ሰሌዳም ተገኝቷል፣ እሱ የሶርያ ሰው ነው የጻፈው፣ በፈረንጆቹ 258 ዓመት። አስጎብኚው በስልክ ሲነግረኝ ዝም አልኩ። አንድ ሰው ከአዱሊስ ተነሥቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ችቦ ይዞ እዚያ ጨለማ ውስጥ ፊደል ጻፈ። እናቱ የት እንዳለ ታውቅ ነበር? በዚያ ዘመን ደብዳቤ ማን ያደርስላታል? ባትሪ ይዤ ፊደሉን ፈልጌ አያለሁ። በእጄ አልነካውም። አይቼ እነግርሻለሁ።

ሚሚዬ፣ አንቺን መጨረሻ ላይ ያደረግሁሽ ስላስቸገርሽኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ስሄድ ዩኒፎርምሽን የምተኩስልሽ ልጅ ነበርሽ። ኮሌታው ላይ ውኃ እየረጨሁ፣ አንቺ «ረፈደብኝ» እያልሽ ስትዘዪ። አሁን ቬሎ ልትለብሺ ነው። ልጁን በፎቶ ነው የማውቀው። ዐይኑ ደግ ይመስላል። ደግ ካልሆነ ንገሪኝ፣ የትም ብሆን እመጣለሁ። በአባባ ቦታ እኔ ነበርኩ የምቆመው። ማሙሽ ይቁም። የኔ ግራጫ ኮት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ትከሻው ይሆነዋል።

እማዬ፣ ስኳርሽን የሚለካ አዲስ መሣሪያ ልጅቱ ይዛልሻለች። ማሙሽ እንዴት እንደሚሠራ ያሳይሽ። ጠዋት ሳትበዪ ተለኪ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት። ለሰርጉ ብለሽ ጠላውንና ጠጁን ቅመሽ ቢሉሽ ከንፈርሽን አስነክተሽ መልሺ። ጫማ ሳታደርጊ ጓሮ አትውጪ። ባለፈው እግርሽ ላይ ያለችው ቁስል ዳነች? እሷን አልነገራችሁኝም፣ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። እኔም ብዙ አልነግራችሁም፣ ስለዚህ አልቆጣም።

እና ያን ቀን። ሙሽራው 6 ሰዓት አካባቢ ይመጣል ብለዋል። እኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ነኝ። ካልገባልኝ ደግሜ ደጋግሜ እሞክራለሁ። ማሙሽ፣ ስልኩን ከዋዜማው ቻርጅ አድርገው፣ ዳሱ ውስጥ ሙዚቃው አያሰማችሁምና መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጠው፣ እዚያ ነው የሚይዘው። ሚሚ ጉልበትሽን ልትስም ዝቅ ስትል ስልኩን ከጉልበትሽ አጠገብ ያዙልኝ።

ልጅሽ