ለቡላና ለዳማ፣ በአንቺ በኩል

ውድ ወዳጄ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ጥንቸል ብዬ ብቅ ማለቴ ሳያስቅሽ አይቀርም። ይቅርታውን ስንገናኝ እጠይቃለሁ። መልእክትሽ ጊዜ ስለማይሰጥ በቀጥታ ወደዚያው ልግባ።

ጥንቸልሽን ዳማን አስመክነሽ ባመጣሻት ማግስት ጓደኛዋ ቡላ ዘሎ ነከሳት ብለሻል። ከሁሉ በፊት ፀጉሯን በጣትሽ እየከፈልሽ ቆዳዋን እዪ፣ በተለይ ጀርባዋን፣ መቀመጫዋንና ጆሮዎቿን። የጥንቸል ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው። ላዩ ቶሎ ይገጥምና ውስጡ ይመግላል። መግላቸው ደግሞ እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ በራሱ አይፈስም፣ ሐኪም ይፈልጋል። ቀጥሎ ሳህኗንና በጠጧን ተመልከቺ። የጥንቸል አንጀት መቆም አይወድም። ካመማት አትበላም፣ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፣ ጋዝ ይሞላትና ሕመሙ ይብሳል። 12 ሰዓት ያህል ምንም ካልቀመሰች ወይም በጠጥ ካልጣለች እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ውሰጃት። ሐኪሟ ያዘዘላትን ማስታገሻ “ደህና ትመስላለች” ብለሽ አታቋርጪ፤ ጥንቸል ሕመሟን መደበቅ ታውቅበታለች። የሰው ማስታገሻ ግን በፍጹም።

አሁን ወደ ቡላ። ቡላ አልከዳትም፣ አላወቃትም እንጂ። ጥንቸል ጓደኛዋን የምትለየው ከመልክ ይልቅ በጠረን ነው። ዳማ የመድኃኒቱን፣ የማታውቀውን ሰው እጅና የሌሎች እንስሳትን ሽታ ተሸክማ ነው የመጣችው። አረማመዷም በሕመም ተለውጧል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሆርሞኗ ሲወርድ የገዛ ጠረኗም ይቀየራል። እኔና አንቺ ሁለት ዓመት ተጠፋፍተን አንድ መስመር ሳይ ማን እንደሆንሽ አውቄያለሁ፤ ለነሱ ግን ለመረሳሳት ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል። ስለዚህ “ይተዋወቃሉ እኮ” ብለሽ መልሰሽ እንዳታስገቢያቸው።

ባይናከሱ ኖሮ ቁስሉ እንደዳነ ሞክሪ እልሽ ነበር። አንዴ ከተናከሱ ግን ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብትጠብቂ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 14 ቀናት ለስፌቱ ናቸው። ጠዋትና ማታ እዪው፤ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ፈሳሽ ቢያወጣ ወይም ቢከፈት ደውዪ። ከፍ ያለ ነገር ላይ እንዳትዘል መወጣጫውን ሁሉ አንሺ። ከስሯ ደቃቅ ነገር አታንጥፊ፤ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይሻላል። ፀጉሯን እየነጨች ድርቆሽ በአፏ ስትሸከም ካየሽ ደግሞ አትደንግጪ። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሐሰት እርግዝና ላይ ከነበረች ይህ ሊቀጥል ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ በ16 ወይም በ18 ቀን ገደማ ያልፋል። በዚያ ሰሞን ግን ቁጡ ስለሆነች ማገናኘቱን እርሺው።

ቡላ ተኮላሽቷል ወይ? አልነገርሽኝም። ካልተኮላሸ ዳማ ባታረግዝም እሱ ላይዋ መውጣቱን አይተውም፣ እሷም አትታገሠውም። እሱም ይኮላሽና ሆርሞኑ እስኪበርድ ሌላ 6 ሳምንት ያህል ጠብቂ። መዘግየቱ ያናድዳል፣ ግን አንድ ከባድ ጠብ የሚያበላሸውን ለመጠገን ከዚያ በላይ ጊዜ ይሄዳል።

በመጠበቂያው ጊዜ ሁለቱም አንድ ክፍል ይሁኑ፣ በሽቦ አጥር ተለያይተው። አንድ አጥር አይበቃም፤ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫና ከንፈር ይነካከሳሉ። ሁለት አጥር አቁሚና በመሃሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዪ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚጸዳዱበትን ሣህንና የሚተኙበትን ጨርቅ አለዋውጪ። ሳምንት ሲሞላ ራሳቸውን አለዋውጫቸው፣ እሱ በሷ ቦታ፣ እሷ በሱ። መጀመሪያ ላይ በንዴት ይሸኑበታል፣ በጠጥ ይበትኑበታል። ይሁን፣ ሥራው እየተሠራ ነው። ምግባቸውን ከአጥሩ ራቅ አድርገሽ ጀምሪና ቀስ በቀስ አቅርቢው። የምትጠብቂው ምልክት መተያየት አይደለም። አፍጥጦ መተያየት መጥፎ ነው። አጥሩን ተደግፈው ሲጋደሙ ወይም አንዱ ለሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ሲበላ ያኔ ደርሰዋል።

መገናኛው ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁት ቦታ ይሁን፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ከሆነ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣይ፤ የተንሸራተተች ጥንቸል ትደነግጣለች፣ የደነገጠች ደግሞ ትናከሳለች። በሁለት ጥግ ድርቆሽ ከምሪ። ካርቶን ካስገባሽ ሁለቱንም ጫፍ ክፈቺው፤ መውጫው አንድ ከሆነ አንዱ ውስጥ ገብቶ ይታገታል። የመጀመሪያው ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይብቃ። ጥሩ እየሄደ ሳለ አቁሚው፤ “ትንሽ ልጨምር” ያልሽባት ደቂቃ ናት የምታበላሸው።

ትንሽ መባረር፣ ፀጉር መነጨት፣ ላይዋ መውጣት የተለመደ ነው፣ አትግቢ። ማን የበላይ እንደሆነ እየተነጋገሩ ነው። በጭንቅላቷ በኩል ከወጣባት ግን ወዲያው አውርጂው፤ ብልቱን ብትነክሰው ጉዳቱ ከባድ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ፣ ጭራ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ ክብ መዞር ሲጀምሩ ካርቶን በመሃላቸው አስገቢ። ያንን ካሳለፍሽው ተጠማጥመው ኳስ ሆነው ይንከባለላሉ። ያኔ ባዶ እጅሽን እንዳታስገቢ፤ ወፍራም ጓንት አድርጊ ወይም ፎጣ ጣይባቸው። ለይተሽ ገላቸውን ከፈተሽሽ በኋላ ለጥቂት ቀናት ወደ አጥሩ ተመለሺ።

“መኪና ውስጥ አስገብተሽ አንቀጥቅጫቸው፣ ይተቃቀፋሉ” የሚሉሽ አይጠፉም። ይተቃቀፋሉ፣ እውነት ነው፤ የሚያስተቃቅፋቸው ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ያልፍና ጠቡ ይመለሳል፣ አንጀታቸውን ደግሞ ሊያቆመው ይችላል። እኔ አልመክርሽም።

አንደኛው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሌላኛው አገጭ ሥር ሲያስገባ “ላሰኝ” ማለቱ ነው። አንዳንዴ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለቱም ላሰኝ እያሉ፣ አንዳቸውም ሳይልሱ ይፋጠጣሉ። አያስቁም መሰለሽ! ግን በዚያ ጊዜ የተነፈገው ሊናከስ ስለሚችል እጅሽን አቅርበሽ የሁለቱንም ግንባር ባንድ ጊዜ አሻሺ፤ ብዙ ጊዜ ይረግባል።

ሰዓቱን እያረዘምሽ ሂጂ። 48 ሰዓት ሙሉ አንቺ ባለሽበት አብረው በልተው፣ ተኝተው፣ ካልተባረሩ ወደ ቤታቸው መልሻቸው። ከዚያ በፊት ቤታቸውን በነጭ ኮምጣጤና በውኃ፣ እኩል በእኩል፣ እጠቢው፣ ዕቃውንም ቦታ ቀያይሪ። መጀመሪያ ጠበብ ያለውን ክፍል ስጫቸው፣ ሲረጋጉ አስፊላቸው። ከዚህ ወዲያ አንዱ ሐኪም ጋ ሲሄድ ሁለተኛውም አብሮ ይሂድ፣ በአንድ መያዣ። ሽታውን አብረው ይዘው ይመለሳሉ።

ንክሻው የት እንደሆነና ቡላ መኮላሸቱን ዛሬ ማታ ጻፊልኝ። ስፌቱን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። በኋላ፣ የዚያ የ48 ሰዓት ቀን ሲደርስ፣ ማን ማንን ቀድሞ እንደላሰ ንገሪኝ። እኔ በዳማ ተወራርጃለሁ።

ያንቺው