በሽታህን አትደብቅ

ጅማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ማሙሽ፦

ለመከላከያ ሠራዊት ልትመዘገብ መሆንህን፣ ስለ አስምህም ትንፍሽ እንዳትል እህትህን ማስማልህን ሰማሁ። እርሷን አትቆጣት፤ እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ። አገርህን ለማገልገል መነሣትህ ከልቤ ያኮራኛል፤ ነገር ግን በሽታህን አትደብቅ።

እናትህ ቡና ስትቆላ ጭሱን ሸሽተህ በረንዳው ላይ ጉልበትህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ አጎንብሰህ ትንፋሽህን የምትፈልገው አንተ ነህ። በማሠልጠኛ ግን በንጋት ብርድ ትሮጣለህ፣ አቧራ ትውጣለህ፣ ስንቅና ጥይት ተሸክመህ ዳገት ትወጣለህ፤ የአየር ቧንቧህን የሚያጠብቡት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ወደ አፍህ የምትነፋው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞሉ፣ የጠበበውን ቧንቧ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይከፍትልሃል እንጂ በሽታውን አያድነውም፤ አንዱ ዕቃም 200 ጊዜ ያህል ተነፍቶ ያልቃል። ምሽግ ውስጥ ሲያልቅብህ ከየትኛው ፋርማሲ ልትገዛ ነው? ስትወድቅ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ያወጡሃል፤ ከመስመሩ የሚጎድለው እንግዲህ ሦስት ጠመንጃ ነው። የሚያክምህም ባለሙያ፣ አንተ ስለ ደበቅኸው፣ ምን እንደ ያዘህ አያውቅም። የጤና መስፈርቱ የወጣው ለዚህ ነው።

ይህን እንዴት እንዳወቅሁት ለእናትህ እንኳ በሙሉ አልነገርኳትም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ፣ በኋላ የእኛ ተራ ሲደርስ፣ ሌላው ያልታመመውን ታመምኩ እያለ ሊቀር ሲጥር እኔ ያለብኝን ደበቅሁ፤ አብሮ አደጌ ዘምቶ እኔ ብቀር የሰፈር መሳለቂያ የምሆን መስሎኝ ነበር። ግራ ጆሮዬ በልጅነቴ መግል ሲፈስሰው ኖሮ እንደ ደነቆረ ታውቃለህ። መርማሪው ደህናውን ጆሮዬን በመዳፌ እንድከድን አዘዘኝና ከኋላዬ ቆሞ ቁጥር አንሾካሾከ። እኔ በጣቶቼ መካከል ክፍተት ትቼ ነበርና «ሠላሳ አራት» አልኩ፤ አለፍኩ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ድምፁን ቢሰማም ከየት እንደ መጣ ለመለየት ይቸገራል። ሰሜን ሳለን፣ አንድ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኜ ኮቴ ሰማሁ፤ አብሮ አደጌ ተራውን ጨርሶ አጠገቤ ተኝቷል። መሣሪያዬን ወደ ቀኝ አዞርኩ። የመጡት በግራ ነበር።

በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ጅሬን ወጥቼ የምጠይቃቸው እናት የእርሱ እናት ናቸው። የጆሮዬን ነገር እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ጉንጬን ስመው ይመርቁኛል። ያን ምርቃት ተሸክሞ ዳገቱን መውረድ ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም።

ልጄ፣ በሽታህን አትደብቅ። አሮጌውን የሕክምና ካርድህን ከሣጥን አውጥቼ ከ2 ኪሎ ቡና ጋር በአጎትህ እጅ ልኬልሃለሁ። ቡናውን አንተ በሌለህበት ይቁሉት። ከምርመራው በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደህ የሳንባህን አቅም አስለካና ወረቀቱን ያዝ፤ ቅጹ ላይም ያለብህን በራስህ እጅ ጻፍ፤ እህትህንም ከመሐላዋ ፍታት። ብቁ ነህ ካሉህ መርቄ እሸኝሃለሁ። አይደለህም ካሉህም የዚያኑ ዕለት ማታ ደውልልኝ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ብትናገርም በቀኙ ጆሮዬ እሰማሃለሁ።

አባትህ