ሐምራዊው የብዕር ቀለም እና የፊደላችን ዕድሜ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልኝን፣ በተወሰነ ብዛት ብቻ የተመረተ ሐምራዊ የብዕር ቀለም ሐረር ጀጎል በሚገኘው ቤቴ ለሦስት ሳምንታት ሞክሬ ያየሁትን ለአንባቢያን ማካፈል እወዳለሁ። ቀለሙ ሲደርቅ የፊደሉ ጠርዝ ጠቆር፣ መሐሉ ፈካ ብሎ ስለሚቀር፣ በተለይ እንደ «ሐ» እና «ጠ» ያሉት ባለ ሦስት እግር ፊደላት እጅግ ያምራሉ። በተራ ደብተር ላይ ግን ወደ ጀርባው ይዘልቃል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በጽሑፉ ላይ የውኃ ጠብታ ባሳርፍበት ፊደሉ ወዲያው ፈሰሰ፤ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ የተውኩት ወረቀትም ደበዘዘ። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. ሐምራዊ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካገኘ ወዲህ ይህን መልክ ማግኘት ቀሏል፤ ሆኖም አብዛኛው የብዕር ቀለም የሚሠራው በውኃ ከሚሟሟ ማቅለሚያ ነው። አባቶቻችን ለብራና የተጠቀሙበት ጥላሸት ግን በውኃ አይሟሟም፣ በብርሃንም አይደበዝዝም።

ስለዚህ ሻጮች ቀለሙ ውኃ የሚችል መሆን አለመሆኑን ለገዢ እንዲገልጹ፣ ወገኖቼም ውልና ኑዛዜ በዚህ ዓይነት ቀለም እንዳይፈርሙ በአክብሮት አሳስባለሁ። እኔ ለወዳጆቼ ደብዳቤ መጻፌን እቀጥላለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከሐረር