ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ተማሪ ፓርላማ ምርጫና ስለ ታካኮ ዶይ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ የውጤት ካርድ ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል፤ የሰርቪስ ክፍያ የቀረባችሁም እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እንድታጠናቅቁ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለዚህ አይደለም።

የጻፍኩት ስለ ተማሪ ፓርላማው ምርጫ ነው። ለአፈ ጉባኤነትና ለምክትልነት ከተመዘገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። መምህራኑም እኔም በጣም ደስ ብሎን ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን ከደብተር የተቀደዱ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄን ከምርጫው ሰርዙልኝ» ይላል አንዱ። «እሷ ትምህርቷን ትማር» ይላል ሌላው። አንዱ ላይ ደግሞ የልጅቷ ስምና የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው ያለው፤ ምክንያት እንኳ አልተጻፈም። ሁሉም የመጡት ከሴቶቹ ወላጆች ነው። ከወንዶቹ ወላጆች አንድም ወረቀት አልደረሰኝም።

በስልክ ያነጋገራችሁኝ ወላጆች ቅሬታችሁ የጀመረው የዜግነት ትምህርት መምህራችን ከሰጡት የፕሮጀክት ሥራ እንደሆነ ነግራችሁኛል። ሥራው ታካኮ ዶይ ስለተባሉ ጃፓናዊት ፖለቲከኛ ነው። «ልጆቻችንን ፖለቲካ ልታስገቡብን ነው ወይ?» ተብያለሁ። ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ የሚለውን አባባልም ሰምቻለሁ። ስጋታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ አልንቀውም። ነገር ግን ልጆቹ ምን እንደተማሩ ሳታውቁ እንድትፈርዱብን አልፈልግም። ስለዚህ ልንገራችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታካኮ ዶይ በ1928 በወደብ ከተማዋ ኮቤ ከሐኪም አባት ተወለዱ። ኪዮቶ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው እዚያው የሕገ መንግሥት መምህርት ሆኑ። በ1969 በሶሻሊስት ፓርቲ ዕጩነት ተወዳድረው ፓርላማ ሲገቡ 41 ዓመታቸው ነበር። «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ለምትሉ ወላጆች፣ እኚህ ሴት ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሌሎችንም አስተምረው ነው የገቡት። ትምህርት ያስተዋቸው ፖለቲካ የለም።

ፓርላማ ገብተው ምን ሠሩ? እኔን በጣም የነካኝ የዜግነት ሕጉ ነው። በዚያን ጊዜ በጃፓን ሕግ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ነበር። ጃፓናዊት ሴት የውጭ አገር ሰው አግብታ ብትወልድ፣ ልጇ ጃፓን ተወልዶ ጃፓን ቢያድግም ጃፓናዊ አይባልም። የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች በሞሉባት ኦኪናዋ፣ የአባታቸውንም የእናታቸውንም ዜግነት ሳያገኙ አገር አልባ ሆነው ያደጉ ልጆች ነበሩ። እናት አጠገባቸው እያለች አገር የላቸውም። ዶይ ይህን ጉዳይ ደጋግመው ፓርላማ ውስጥ አነሱ። ሕጉ በ1984 ተሻሻለ፤ ከ1985 መጀመሪያ አንስቶም ከጃፓናዊት እናት የሚወለድ ልጅ የእናቱን ዜግነት ማግኘት ጀመረ። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ለእኛ ልጆች የተለመደ የሚመስለው ነገር ሌላ አገር ስንት ክርክር እንደጠየቀ ማወቃቸው ምኑ ላይ ነው ጉዳቱ?

ሁለተኛው ጉዳይ በቀጥታ የትምህርት ቤት ነገር ነው። በጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤት አያያዝ ትምህርት ለሴቶች ብቻ ግዴታ ነበር። ሴቶቹ ምግብ ማብሰልና ስፌት ሲማሩ ወንዶቹ ስፖርት ይሠራሉ። ዶይ ይህንንም ፓርላማ ውስጥ ሞገቱ። የትምህርት መመሪያው በ1989 ተቀየረ፤ ከ1994 ጀምሮም በሁለተኛ ደረጃ ወንዱም ሴቷም አብረው መማር ጀመሩ። ዘንድሮ ወንዶቹም በተራ ክፍል እንዲጠርጉ ስናደርግ ቅር ያላችሁ ወላጆች ነበራችሁ። ያኔ የሰጠኋችሁ መልስ ዛሬም አልተለወጠም።

በ1986 ፓርቲያቸው ክፉኛ ተሸንፎ አንገቱን በደፋበት ሰዓት መሪነቱን ለዶይ ሰጣቸው። በጃፓን ታሪክ ትልቅ ፓርቲ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1989 መንግሥት በዕቃ ግዢ ላይ 3 በመቶ ታክስ ጣለ። ዶይ «የማይሆን ነገር አይሆንም» ብለው ተነሱ። ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ገበያ የምትወጣ ሴት ሁሉ ገባት። በዚያው ዓመት በሐምሌ በተደረገው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ 22 ሴቶች አሸነፉ፤ ያን ያህል ሴት አሸንፎ አያውቅም ነበር። ገዢው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከ1955 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ምክር ቤት አብላጫውን አጣ። የላይኛው ምክር ቤትም ዶይን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት መረጠ። የታችኛው ምክር ቤት ሌላ ሰው ስለመረጠና በሕገ መንግሥቱ የእሱ ውሳኔ ስለሚጸና ሥልጣኑን አልያዙም። ልጆቹ ይህን ክፍል ሲያቀርቡ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አንዷ ተማሪ ሁለቱን ምክር ቤቶች በጥቁር ሰሌዳው ላይ በሁለት ሣጥን ሥላ፣ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚሽር በቀስት እያሳየች አስረዳች። ያችው ተማሪ ከምርጫው ትሰረዝ ከተባሉት አንዷ ናት።

በ1993 ዶይ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ይህም ለሴት የመጀመሪያ ነበር፤ እስከ 1996 ሠርተዋል። ልጆቻችን ለአፈ ጉባኤነት የተመዘገቡት ከዚህ በኋላ መሆኑ የሚያስቆጣን ሳይሆን የሚያኮራን ይመስለኛል።

ደግሞም ጥሩ ጥሩውን ብቻ አላስተማርናቸውም። ዶይ በ1991 ፓርቲያቸው በአካባቢ ምርጫዎች ሲሸነፍ መሪነቱን ለቀዋል። በ1996 ተመልሰው መሩት፤ ፓርቲው ግን እየተመናመነ ሄደ። ሰሜን ኮሪያ የጃፓን ዜጎችን አፍና መውሰዷን በ2002 ስታምን፣ ጉዳዩን ለዓመታት ሲጠራጠር የኖረው ፓርቲያቸው ከባድ ትችት ወረደበት። በ2003 ምርጫ ከ18 ወንበር ወደ 6 ወረደና ዶይ ኃላፊነቱን ወስደው ለቀቁ። በ2005 የፓርላማ ወንበራቸውንም አጡ። በ2014 በ85 ዓመታቸው አረፉ። የስሕተቱን ክፍል ያቀረበው ቡድን ከሁሉም የበለጠ ጥያቄ ነው የቀረበለት።

«ሶሻሊዝም ልትሰብኩ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ጃፓን የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ያገኘችው በጥቅምት 2025 ነው፤ ሳናኤ ታካኢቺ ይባላሉ። ወግ አጥባቂ ናቸው፤ በአመለካከት ከዶይ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። ልጆቹ ሁለቱንም አጥንተዋል። ማንን ደግፉ ያለ መምህር የለም፤ ቢኖር ኖሮ ከእናንተ ቀድሜ እኔ እጠይቀው ነበር።

«ዶይ ትዳር አልያዙም፤ ልጄ ይህን አይታ ምን ልትሆን ነው?» ብለው የጠየቁኝ እናትም አሉ። በአክብሮት ልመልስ። ዶይ አላገቡም፤ ያ የራሳቸው ሕይወት ነው። በ1989 በፓርቲያቸው ተወዳድረው ካሸነፉት ሴቶች መካከል የቤት እመቤቶችና የልጆች እናቶች ነበሩ። ልጅዎ የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ የተመዘገበችውም ሐሙስ ከሰዓት ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓትና ስለ መጸዳጃ ቤት ውሃ ለመነጋገር ነው።

ስለ ሚኒስትሪ ፈተናም ደጋግማችሁ አንስታችኋል። ፓርላማው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰበሰበው። ፈተናው ሲቃረብ ስብሰባው ይቆማል። ስለ ማምሸት የተጨነቃችሁ ወላጆች፣ ሰርቪሱ ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሞግዚቷም አብራቸው ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ለወንዶቹም ያው ነው። ፈተናው ለወንዶቹም ፈተና ነው፤ መንገዱም ለእነሱ መንገድ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ለምን ከሴቶቹ ቤት ብቻ መጣ? ይህን የምጠይቀው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። መልሱን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ልጃችሁን በግድ አናወዳድርም። መብቱ የእናንተ መሆኑን አውቃለሁ። የምለምናችሁ ውሳኔውን ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድትወስኑት ነው። ይሰረዙ ከተባሉት አብዛኞቹ ወረቀቱ መጻፉን የሰሙት ከእኛ ነው። አንዷ መምህሯ ስትነግራት ዝም ብላ ቆየችና የቅስቀሳ ወረቀቷን ከግድግዳው ላይ ራሷ ነቅላ ወሰደች። በማርከር በሦስት ቀለም የጻፈችው ነበር።

የምዝገባውን ጊዜ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት አራዝመነዋል። የተማሪዎቹን ስም እስካሁን ከዝርዝሩ አልሰረዝኩም፤ በወረቀት ብቻም አልሰርዝም። ልጄ አትወዳደርም የምትሉ ወላጆች ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በየቀኑ አለሁ። በሥራ ምክንያት ጠዋት ለማትችሉ፣ ረቡዕ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እቆያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር