ለእህት ዓለም፦ ስለ እማማ ጋቢ እና ስለ አዲሱ ልብስ ማድረቂያ (ድራየር)

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም አለች፤ ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ደህና ነች።

ከእናትሽ ከእማማ አርባ በኋላ አንድ ቀን እንኳን አልደወልኩልሽም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። ቀጥሎ ደግሞ ዝም ያልኩበት ጊዜ ራሱ አሳፈረኝ። ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ግን በገና "እንኳን አደረሳችሁ" ብለሽ ላክሽልኝ። ለእሱም አልመለስኩም። ይቅር በይኝ። ሰበብ አልደረድርልሽም።

ባለፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ያቺ የድሮ ጎረቤታችንን አገኘኋት። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ላይ ቤት መግዛትሽን ነገረችኝ። ግቢው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። እንኳን ደስ ያለሽ! እማማ ባየችው አልኩ። ከዚያ ወሬ በወሬ "የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ጫፉ የተደፈነ የጋዝ ቧንቧ አለ፣ ጋዝ ድራየር ላስገባ ወይስ በኤሌክትሪኩ ልቀጥል ብላ ሁለት ልብ ሆናለች" አለችኝ። እኔም ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ወራት ስባዝን ከርሜያለሁ። እና የማውቀውን ሁሉ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋዝ ስልሽ የድሮውን ላምባ እንዳታስቢ። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ ቤት ማሞቂያውም የውሃ ቦይለሩም በእሱ ነው የሚሠሩት። ድራየሩ ብቻ ኤሌክትሪክ ነበር፣ ከቤቱ ጋር የገዛነው። አራት ልጅ፣ እማዬ፣ ባለቤቴና እኔ ሆነን በሳምንት ስምንት ዙር እናጥባለን። የፎጣ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ቤዝመንት ወርጄ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የአንዱን መድረቅ እየጠበቅኩ ሌላውን እጨምራለሁ። ጠዋት ስድስት ሰዓት አውቶቡስ አለብኝ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ስንት ቀን የትልቁን ልጅ ዩኒፎርም እርጥብ አገኘሁትና በካውያ አደረቅኩት! ያኔ እማማ ትዝ ትለኛለች።

ታስታውሻለሽ አይደል የሽሮ ሜዳን ክረምት? ሰኔ ግም ሲል ልብስ የሚባል ነገር አይደርቅም። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ይሰጣል። ከቀትር በኋላ "ዝናብ መጣ!" ተብሎ የግቢው ሰው ሁሉ ወደ ገመዱ ይሮጣል። ሦስት ቀን ሲወጣና ሲገባ የከረመ ልብስ ያ የእርጥበት ሽታ ይይዘዋል። እማማ ያንን ሽታ አትወድም ነበር። የሁለታችንንም ዩኒፎርም ማንደጃው ላይ ቅርጫት ደፍታ ታደርቅልን ነበር። አንድ ሐምሌ በሩ ተዘግቶ ከሰሉ ሲያፍነንም ታስታውሻለሽ። እኔ ራሴን እንዳመመኝ፣ አንቺ እንዳስመለሰሽ አስታውሳለሁ። ሁለታችንንም በብብቷ አንጠልጥላ ዝናቡ ውስጥ አወጣችን። እንደዚያ ስታለቅስ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ለዚህ ነው ጋዝ ሲባል የፈራሁት። ያኔ ከከሰሉ ወጥቶ ያፈነን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነው። የጋዝ እሳትም አየር ማስወጫው ከተበላሸ ያንኑ ነገር ቤት ውስጥ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እማዬም ስትሰማ "እሳት ከልብስ ጋር ምን አገናኘው?" አለች። ባለቤቴ አራት ወር ሲለምነኝ እንቢ አልኩ።

እሱን ያስቸገረው ሌላ ነገር ነበር። ለሥራው የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የቤታችን የኤሌክትሪክ ሳጥን ደግሞ 100 አምፔር ብቻ ነው፤ ሞልቷል። ሳጥኑን ለማሳደግ የተጠየቅነው ገንዘብ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የኤሌክትሪክ ድራየር ለብቻው 240 ቮልትና 30 አምፔር ይይዛል። ጋዙ ግን ከበሮውን የሚያዞርበት ሞተርና ትንሿ ማቀጣጠያ ብቻ ስለሆኑ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት፣ ተራው የ120 ቮልት ሶኬት ይበቃዋል። ድራየሩ ወደ ጋዝ ቢዞር የመኪናው ቻርጀር ቦታ ያገኛል ማለት ነው። በመጨረሻ የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ሽቦ ተቃጠለ። ያኔ እሺ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ልንገርሽ። የድራየሩ መዘግየት ግማሹ የድራየሩ ጥፋት አልነበረም። ሠራተኛው መጥቶ የአየር ማስወጫውን ቱቦ ሲፈታው፣ ከልብስ የሚረግፈው ጥጥ መሳይ ብናኝ ጠቅጥቆት ተገኘ። አንድ ከረጢት ሙሉ ወጣ። በዚያ ላይ ቱቦው ከቤዝመንቱ መሐል ተነስቶ ሦስት ቦታ ታጥፎ ነው ውጭ የሚደርሰው። የግንባታ ደንቡ ባጠቃላይ ከ35 ጫማ አይብለጥ ይላል። አንድ የ90 ዲግሪ እጥፋት ብቻውን 5 ጫማ ይቀንስበታል። የእኛ አልፎ ሄዷል። አየሩ መውጫ ካጣ በጋዝም ይሁን በኤሌክትሪክ ልብስ አይደርቅም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በአንድ ወቅት ያወጣው አኃዝ በዓመት ወደ 2,900 የሚሆን የቤት ድራየር ቃጠሎ እንዳለ ይናገራል፤ ዋናው ምክንያትም አለማጽዳት ነው። እኔ ለዓመታት ማጣሪያውን ብቻ እያራገፍኩ ቱቦ መኖሩንም ረስቼ ነበር። እና እባክሽ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ቱቦሽን አስጸጂ። ምናልባት ያለሽ ድራየር ይበቃሽ ይሆናል።

ድራየሩን ወደ ውጭው ግድግዳ አስጠግተን ቱቦውን አሳጠርነው። አራት ኢንች ስፋት ያለው፣ ጠንካራ የብረት ቱቦ ነው ያስገባነው። ያ እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ፕላስቲክ ወይም ስስ ፎይል ካለብሽ ቶሎ አስቀይሪው። ብናኝ ይይዛል፣ ይቀጣጠላልም።

የጋዙን ነገር በራስሽ እንዳትነኪው። ዘመድም "እኔ እሠራዋለሁ" ቢልሽ እሺ እንዳትይ። እኛ ጋ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ለጋዝ ቧንቧ ፈቃድ የሚሰጠው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ፣ ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከቦይለሩ መስመር ቀጥሎ፣ መዝጊያ አድርጎ ሠራልን። ድራየሩን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቱቦ አዲስ መሆን አለበት፤ የድሮውን መልሶ መጠቀም አይገባም። ሲጨርስ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ከተነሳ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። አልተነሳም። እኔም አጎንብሼ በዓይኔ አየሁ።

አሠራሩንም እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ሁልጊዜ የምትነድ እሳት የለችውም። በኤሌክትሪክ የምትግል ትንሽ ማቀጣጠያ አለች። እሷ ስትቀላ ጋዙ ይከፈትና ሰማያዊ ነበልባል ይነሳል። ሙቀቱ ሲበቃ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። ማራገቢያው ሙቁን አየር በልብሱ መሐል ስቦ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ቱቦው ውጭ መድረስ ያለበት፤ ጋራዥ ውስጥም፣ ጣሪያ ስርም ቢሆን አይሆንም። ቤዝመንትና መኝታ ቤቶቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቀልኩ። ያለ እሱ እንዳትጀምሪ። ጋዙ ራሱ ሲያፈስ እንዲታወቅ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይጨምሩበታል። ያንን ከሸተተሽ መብራት አታብሪ፣ አታጥፊ፣ ስልክም ቤት ውስጥ አትንኪ። ልጆቹን ይዘሽ ውጪና ከውጭ 911 ደውይ።

አሁን የፎጣው ዙር ከ45 ደቂቃ አያልፍም። አንድም ቱቦው ስለተስተካከለ ነው፤ እሳቱም ከኤሌክትሪኩ ይበረታል። ማጠቢያው አንዱን ሳይጨርስ ድራየሩ ያለፈውን ይጨርሳል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ልብሱ ታጥፎ አልቋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በዚያ ሰዓት ነው።

ስለ ገንዘቡ እቅጩን ልንገርሽ። በእኛ ሂሳብ አንድ ዙር በኤሌክትሪክ 50 ሳንቲም ያህል ይወስድ ነበር። በጋዝ ከነሞተሩ ወደ 22 ሳንቲም ወርዷል። በዓመት 116 ዶላር ገደማ ነው። ጋዝ ድራየሩ ከኤሌክትሪኩ አቻው 100 ዶላር ያህል ይበልጣል። ቧንቧ ለማስቀጠል 600 ከፈልን። ወጪያችንን ለመመለስ ስድስት ዓመት ይፈጅብናል። እኛን የጠቀመን ሰዓቱና የቻርጀሩ ቦታ ነው። አንቺ ግን ቧንቧው ክፍሉ ድረስ መጥቶልሻል። ያ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሌላም ምርጫ አለ። ሂት ፓምፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ድራየር አለ። ኤሌክትሪክ የሚበላው በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም የአየር ቱቦ አያስፈልጋቸውም። ቤት ውስጥ እሳትም የለም። ግን ዘገምተኛ ነው። ለሰባት ሰው አልሆነኝም። አንቺ ሁለት ልጅ ነው ያለሽ፣ በደንብ አስቢበት። ደግሞ እናንተ ጋ አየሩ ደረቅ ነው። በበጋ ገመድ ብትዘረጊ ቀሚስሽ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይደርቅልሻል።

ገርሞኝ ያነበብኩትን ልንገርሽ። ለቤት ተብለው መጀመሪያ ከተሸጡት ድራየሮች አንዱ በ1938 ዊስኮንሲን ውስጥ የወጣ ነው፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም። ስሙን "ጁን ዴይ" አሉት፣ የሰኔ ቀን ማለት ነው። ለእነሱ ሰኔ ፀሐይ ነው። እኛ በሰኔ ስንቱን ልብስ ይዘን ሮጠናል!

ጋዙን ከመረጥሽ እነዚህን አደራ። የምጣድ ማሰሻ በፍጹም ድራየር ውስጥ አይግባ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከታጠበም በኋላ ቅባቱ ይቀራል፤ ሙቀት ሲያገኝ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እማዬ ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባ የምታስረውን ሻሽና የትራስ ልብሷን በረንዳ ላይ ነው የማሰጣው። ቤንዚን የነካውን የባለቤቴን የሥራ ልብስም እንደዚያው። ነጠላና ጥበብም አታስገቢ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ይሰበሰባል፣ ጥለቱም ይጨማደዳል።

ለሠርጌ እማማ የሰጠችኝን ጋቢ ታውቂዋለሽ። ድራየር አይቶ አያውቅም። ባለፈው ቅዳሜ አጠብኩት። ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ እማዬና እኔ በሁለት ጫፍ ይዘን ጨመቅነው። ደረጃው መደገፊያ ላይ ዘረጋሁት። ሁለት ቀን ፈጀ። ልጆቹ ሲወጡና ሲወርዱ ፊታቸውን ያሹበት ነበር። እዚያ ቆሜ ስለ እናትሽ ላወራሽ ፈለግኩ፣ ከአንቺ ሌላ የሚያውቃት ሰው አጠገቤ የለም።

የቧንቧውን ጫፍና የአየር ማስወጫውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከድራየሩ እስከ ውጭ ስንት ጫማ እንደሆነም ለኪው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ። እናንተ ጋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ገና ቤት ትሆኛለሽ። ባታነሺም እንደገና እደውላለሁ።

እማዬ ግንባርሽን ሳሚልኝ ብላለች።

የአንቺው እህት