ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ልጆቻችሁ የሳይንስ ጽሑፍ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ በዚህ መንፈቀ ዓመት የሳይንስ የምርምር ጽሑፋቸውን ይጀምራሉ። ሲጠየቁ ጽሑፍ የሚያዘጋጁትን ፕሮግራሞች፣ ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን፣ ፈጽሞ እንድንከለክል የጠየቃችሁን አላችሁ፤ ያለ ገደብ እንድንፈቅድ የጠየቃችሁንም እንዲሁ። ሁለቱንም አላደረግንም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በሳይንሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ለሰፈረ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተጠያቂ የሚሆን ሰው ሊኖር ይገባል። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ፕሮግራም) በደራሲነት እንዳይመዘገብ ሲወስን የሰጠው ምክንያት ይኸው ነው፦ ለጽሑፉ ትክክለኛነትና ሐቀኝነት ኃላፊነት ሊወስድ አይችልም። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል።

እኔን ከተኮረጀ አንቀጽ ይልቅ የፈጠራ ቁጥር ያስፈራኛል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጽፉት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ስለዚህ ያልተደረገ ሙከራ ውጤት ቢጠየቁ ያማረ ሰንጠረዥ ይደረድራሉ፤ ማንም ያልጻፈውን ጥናት ከነደራሲው ስምና ከነዓመቱ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለችሎት አቅርበው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ሙያቸው ማስረጃ ማጣራት የሆነ ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ገና ምርምር የሚለማመድ ተማሪ ጥብቅ ክትትል ያስፈልገዋል።

እናም ተማሪዎች ያልገባቸውን ሐሳብ እንዲያብራራላቸው፣ ሰዋስው እንዲያርምላቸው፣ በረቂቃቸው ላይ ትችት እንዲሰነዝር ፕሮግራሙን ሊጠይቁ ይችላሉ። ልኬቱ፣ ሰንጠረዡና መደምደሚያው ግን የሚወጡት ከራሳቸው የቤተ ሙከራ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ በእጅ የተጻፈና ቀን ያለበት ይሁን፤ የተሳሳተው ልኬትም አይፋቅ። የጠቀሱትን ጥናት ሁሉ ከፍተው ማንበብ አለባቸው። በጽሑፉ መጨረሻ የትኛውን ፕሮግራም ለምን እንደተጠቀሙ ይገልጻሉ፤ በመግለጻቸው ነጥብ አይቀነስባቸውም። በመጠይቅ የተሰበሰበ የሰዎች ስምና ምላሽ ወደነዚህ ፕሮግራሞች ፈጽሞ አይገባም።

የማሽን ጽሑፍ ይለያል የሚባለውን ሶፍትዌር ለማስረጃነት አንጠቀምም። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ ሶፍትዌር በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘግቶታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈተኗቸው ሰባት መለያ ሶፍትዌሮችም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በስሕተት የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ ሐቀኛ ልጅ ሲወነጀል ማየት አልሻም። ጥርጣሬ ሲፈጠር መምህሩ ደብተሩን ከተማሪው ጋር ገልጦ ስለ ሥራው ያነጋግረዋል።

ቤት ውስጥ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ እጅግ ትረዱናላችሁ። የሳይንስ ዕውቀት አያስፈልጋችሁም፤ «ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?»፣ «ይህን እንዴት አወቅሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በትዕግሥት አድምጡ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የአጠቃቀም መግለጫ ቅጽ ከልጃችሁ ጋር አንብባችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ላኩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር