ጥልፍ ሠሪዎቹ ያስተምሩ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከተለያዩ አገሮች ለሥልጠና የሚመጡ የጤና ባለሙያዎች፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ወገኖች የሚሠሩባቸውን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያሉ የጥልፍና የእጅ ሥራ ቦታዎች ስለሚጎበኙበት መንገድ አስተያየት አለኝ። እዚያው አካባቢ ያለው ሆስፒታል አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት አንዱ ዓላማው የአፍሪካ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ስለነበር ጉብኝቱ ይቅር አልልም።

ሆኖም ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አንድ የትራስ ልብስ ገዝቶ መሄድ ሥልጠና አይባልም። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ የደነዘዘ እጅ መርፌ ሲወጋውም ሆነ ትኩስ ነገር ሲያቃጥለው አይሰማውም። በእንዲህ ያለ ጣት ሳይቆስሉ ለዓመታት መጥለፍ የሚቻልበትን ዘዴ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ፎቶውም ቢሆን (የት እንደሚወጣ ማን ይነግራቸዋል?) መገለሉ ገና ባልጠፋበት አገር ልጆቻቸውን ጭምር ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ አሠልጣኝ ተቋማት ጉብኝቱን የግማሽ ቀን ትምህርት ያድርጉት፤ ለሚያስተምሩት ሠራተኞች እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ በሰዓት ይክፈሉ፤ የሚነሳው ሰው ፎቶው ለምን እንደሚውል ተነግሮት ካልፈቀደም ፎቶ አይነሳ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ